የኮሪያ የፍቅር ድራማ ስናይ ስለ ፍቅርና ስለ እምነት እንዴት እንማርበት

ባለፈው ዓመት በአንድ ቅዳሜ ምሽት እኔና ታናሽ እኅቴ አራት ኪሎ በሚገኘው ቤታችን ሆነን አንድ የኮሪያ የፍቅር ድራማ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምረን እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ተመለከትን፤ አምስት ክፍል መሆኑ ነው። በማግሥቱ የቅድስት ሥላሴ ደወል ሲደወል አንዳችንም አልሰማንም። ስንነቃ ቅዳሴው አልቆ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ በመስኮት አየን። እናታችን አልተቆጣችም፤ ቡናዋን እየወቀጠች «ለመሆኑ አገባት?» ብላ ብቻ ጠየቀችን።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ድራማ ማየቱን አልተውነውም፤ የምናይበትን መንገድ ግን ለወጥን። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከዚያ ለውጥ በመነሣት ነው። ድራማ ማየት ይገባል ወይስ አይገባም ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት አልተነሣሁም፤ እርሱን ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሚያስተምርዎ አገልጋይ ጋር ይነጋገሩበት። እኔ የምጽፈው ማየቱን ላልተወና ያየው ነገር ከእምነቱ ጋር እንዳይጣላበት ለሚፈልግ ሰው ነው። በእኔ አስተያየት ከእነዚህ ድራማዎች የሚገኘው ትልቁ ትምህርት አንድ ነው፤ እርሱም ፍቅር ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ተወዳጁ ሰው በማያይበት ጊዜ በተደረገለት ነገር መሆኑ ነው።

አስቀድሞ መጠኑን መወሰን

የኮሪያ የፍቅር ድራማ አብዛኛውን ጊዜ 16 ክፍል ሲሆን፣ አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። በአገሩ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ በሳምንት ሁለት ክፍል፣ ለምሳሌ ቅዳሜና እሑድ፣ ስለሚታይ ታሪኩ ተጀምሮ እስኪያልቅ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። እርስዎም በዚሁ ልክ ይዩት። ኮሪያዊው ተመልካች ከአንዱ ሳምንት እስከ ሌላው የሚያስበው፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚከራከርበትና የሚጠብቀው ነገር ነበረው፤ እኛ በአንድ ሌሊት አምስት ክፍል ስናይ ግን የምናስብበት ጊዜ አይተርፈንም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን መሆኑን ያስታውሱ፤ ስምንት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ብቻ የቀረው ነው። ስለዚህ ጾሙ ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ድራማ የጀመረ ሰው ስምንት ክፍል አይቶ ለጾሙ ቢያቋርጠው እንኳ፣ ደብረ ዘይት ሲደርስ ልቡ በዘጠነኛው ክፍል ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ከትንሣኤ በኋላ መጀመር ይሻላል።

የሚያቆሙበትንም ቦታ ይምረጡ። የእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ሆን ተብሎ ልብ በሚያንጠለጥል ቦታ ላይ የሚቆረጥ ስለሆነ፣ ክፍሉ ሲያልቅ አቆማለሁ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አያቆምም። ቀጣዩን ክፍል ከፍተው አሥር ደቂቃ ያህል ካዩ በኋላ፣ የተንጠለጠለው ነገር ሲፈታ፣ እዚያው ያቁሙ። እኅቴ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ፤ አሁን ግን ከእኔ ይልቅ የምትጠቀምበት እርስዋ ናት።

ከተቻለ ደግሞ በራሱ በኮሪያኛው ድምፅ፣ ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም እያነበቡ ይዩ። ድሮ ከፒያሳ ሲዲ ቤቶች እንገዛው የነበረው ትርጉም ፊልም የራሱ ለዛ ነበረው፤ አንድ ሰው የሽማግሌውንም፣ የኮረዳዪቱንም፣ የሕፃኑንም ቃል በአንድ ድምፅ ይተርክልን ነበር። ነገር ግን በዚያ መንገድ ሲታይ አንድ ትልቅ ነገር ይጠፋል፤ ወደ እርሱ ልለፍ።

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የሚደረገውን ጉዞ ማዳመጥ

ኮሪያውያን እንደ እኛው በአክብሮትና በቅርበት የሚናገሩ ሕዝቦች ናቸው። የአክብሮቱን ንግግር «ጆንዴንማል»፣ የቅርበቱን ደግሞ «ባንማል» ይሉታል። ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ ስለሚያወጣው እንግሊዛዊው ተመልካች ልዩነቱን አያገኘውም፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ጆሮው የሠለጠነ ነው። በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ «ዮ» የሚል ድምፅ ሲሰሙ ተናጋሪው በአክብሮት እየተናገረ መሆኑን ይወቁ። ስድስትና ሰባት ክፍል ሙሉ በ«ዮ» ሲነጋገሩ የቆዩ ሁለት ሰዎች አንድ ቀን ያንን ድምፅ ሲጥሉት፣ በመካከላቸው አንድ በር ተከፍቷል ማለት ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው ምንም ነገር የሆነ አይመስለውም።

«ኦፓ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ትርጉሙ ሴት ልጅ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራበት ስም ሲሆን፣ የምትወደውንም ወጣት ትጠራበታለች። ይህ እንግዳ የሚሆንበት ሰው መኃልየ መኃልይን ይክፈት፤ እዚያም ወዳዱ የሚወዳትን «እኅቴ ሙሽራ» ብሎ ይጠራታል። ፍቅረኛን በቤተ ዘመድ ስም መጥራት «በወንድምና በእኅት ክብር እጠብቅሃለሁ፣ እጠብቅሻለሁ» የሚል ቃል በውስጡ አለው፤ ስሙ ሲጠራ ደስ የሚለን ከሆነ ቃሉንም መጠየቅ ይገባናል።

እዚህ ላይ ለጸሎት የሚሆን አንድ ነገር አገኘሁ። ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ «እርስዎ» የምንል ሰዎች፣ ሰማይንና ምድርን ለፈጠረው አምላክ «አንተ» እንላለን። «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» ስንል በ«ባንማል» መናገራችን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስደግመው የኖርኩትን ጸሎት ምን ያህል እንደ ተቀራረብኩበት ያስተዋልኩት፣ አንዲት ገጸ ባሕርይ ከስምንት ክፍል በኋላ የምትወደውን ሰው «አንተ» ለማለት ስትፈራና ስትቸገር ካየሁ በኋላ ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጸልዩ «አንተ» የሚለው ቃል ላይ ጥቂት ይዘግዩ።

ማዕዱን ማስተዋል

በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ «እወድሃለሁ» የሚለው ቃል ዘግይቶ ይመጣል፤ «በላህ ወይ?» የሚለው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አለ። ለኮሪያውያን «ምግብ በላህ?» ማለት ሰላምታም፣ አሳቢነትም ነው። አንዱ ከራሱ ሳህን ምርጡን ቁራጭ አንሥቶ በሌላው ሩዝ ላይ ያስቀምጣል። ጉርሻ ያደገበት ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ምግብ በቀረበ ቁጥር ማን ለማን እንዳቀረበ፣ ማን ሳይበላ እንደ ቀረ ልብ ይበሉ፤ ከንግግሩ ይልቅ ታሪኩን የሚነግርዎ እርሱ ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ማታ በር ላይ «ራምየን (ቶሎ የሚደርስ የኑድል ሾርባ) በልተህ ሂድ» የሚለው ግብዣ ስለ ምግብ አይደለም፤ ከታናናሾች ጋር የሚያይ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ከዚህ ጋር የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን ያንብቡ። ጌታ ሦስት ጊዜ የካደውን ጴጥሮስን በባሕሩ ዳር ሲያገኘው በቅድሚያ ፍም አድርጎ ዓሣ አዘጋጅቶ «ኑ፥ ምሳ ብሉ» አለ፤ «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። ከተጣላነው ሰው ጋር ለመታረቅ ስንፈልግ እኛ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን እናስቀድማለን።

ያልታየውን በደብተር መመዝገብ

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው። አንድ ደብተር ይግዙና ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ይስጡ። ገጹን በሁለት ዐምድ ይክፈሉት፤ በአንደኛው ራስ ላይ «የታየ»፣ በሁለተኛው ላይ «ያልታየ» ብለው ይጻፉ። በመጀመሪያው ዐምድ የሚገባው ተወዳጁ ሰው እያየው የተደረገለት ሁሉ ነው፤ ስጦታ፣ ዝናብ እየወረደ የተነገረ የፍቅር ቃል፣ በጃንጥላ ሥር የተያዘ እጅ። በሁለተኛው የሚገባው ተወዳጁ ሳያውቅ የተደረገለት ነው፤ የክፍሏ መብራት እስኪበራ ከደጅ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ዕዳ ከፍሎ ስሙን የማይናገር፣ ልጇ ሳትሰማ ምግብ በር ላይ አስቀምጣ የምትመለስ እናት።

በየገጹ ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል። ምክንያቱም የኮሪያ ድራማ ስውሩን ሥራ ወዲያው አያሳይም፤ ብዙ ጊዜ ክፍሉ ካለቀ በኋላ በሚመጣ አጭር ትዕይንት ወይም ከብዙ ክፍሎች በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገልጠዋል። በ12ኛው ክፍል ላይ ሆነው የ3ኛውን ክፍል ገጽ ገልጠው እንዲጽፉ የሚያስገድድዎ ይህ ነው። ቀዝቃዛ ነው ብለው የፈረዱበት ሰው ያን ጊዜ ምን ሲያደርግ እንደ ነበር ያኔ ይታወቅዎታል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከታኅሣሥ 2019 እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. በተላለፈው «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» በተባለው ድራማ፣ አንዲት የደቡብ ኮሪያ የሀብታም ልጅ በፓራግላይዲንግ ስትበር ዐውሎ ነፋስ ወስዶ ሰሜን ኮሪያ ይጥላታል፤ አንድ የጦር መኮንንም ይደብቃታል። ጠዋት ቡና ሳትጠጣ እንደማይሆንላት ሲሰማ ጥሬ ቡና ፈልጎ፣ በእጁ ቆልቶ፣ ፈጭቶ ያፈላላታል። እናቴ ይህን ስታይ «ወንድ ልጅ ቡና ሲቆላ!» ብላ ከተደነቀች በኋላ ወዲያው «ቄጠማውስ?» አለች። በእኛ ቤት ያ ትዕይንት ከመሳሙ ሁሉ ይልቅ የተወራበት ነው። ቡናው ሲቀርብ በመጀመሪያው ዐምድ ይገባል፤ ፍለጋው፣ መቁላቱና መፍጨቱ ግን በሁለተኛው ውስጥ ነው።

ይህን ልምምድ ከጨረሱ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ የራስዎን ሕይወት ይመዝግቡ። ከእኔ ጋር ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግል አንዲት ልጅ ይህን ስትሞክር፣ የስምንተኛ ክፍል ደብተርና ዩኒፎርም የገዛላት አጎቷ ነው ብላ ታስብ የነበረው፣ እናቷ የጆሮ ወርቋን ሸጣ መሆኑን ጠይቃ ደረሰችበት። «እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና እኛ እንወደዋለን» የሚለው የዮሐንስ መልእክት ቃል ለእኔ የተከፈተልኝ በዚህ መንገድ ነው። «አስቀድሞ» የሚለው ቃል ወደ ኋላ ተመልሰን የምንሞላው ገጽ መኖሩን ይናገራል። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውም የወንጌል ትእዛዝ ስለ ምጽዋት የተነገረ ቢሆንም ለትዳርም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ኮሪያም ራሷ በእኛ ሁለተኛ ዐምድ ውስጥ አለች። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደዚያ ዘመተ፤ በጦርነቱ በየተራ ከዘመቱት ከ6000 በላይ ኢትዮጵያውያን 122ቱ እዚያ ወደቁ። መታሰቢያቸው አዲስ አበባ አፍንጮ በር፣ እንዲሁም ኮሪያ ውስጥ ቹንቾን በተባለች ከተማ ይገኛል። በ2002 እ.ኤ.አ. ብዙ እስያውያንን ያስለቀሰው «ዊንተር ሶናታ» የተባለው የፍቅር ድራማ በከፊል የተቀረጸው በዚያችው በቹንቾን ነው። ዛሬ በዚያች ከተማ ጎዳና ላይ ሁለት ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ስናይ፣ «ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት ይልቅ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም» የሚለው ቃል ከአያቶቻችን ጋር አብሮ ይታሰበናል።

ሁለተኛውን ወንድ መከታተል

በየድራማው ማለት ይቻላል አንዲቱን ሴት የሚወድ ሁለተኛ ወንድ አለ፤ ደግ ነው፣ ይጠብቃታል፣ በመጨረሻም አያገኛትም። እኅቴ ሁልጊዜ ለእርሱ ታለቅሳለች። እርሱን በቅርብ ይከታተሉት፤ «ፍቅር የራሱን አይፈልግም» የሚለው ቃል የሚፈተነው በእርሱ ላይ ነውና። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ እምቢ በተባለ ማግሥት ምን ያደርጋል? መልካምነቱ ከቀጠለ ፍቅር ነበረ። «ይህን ሁሉ አድርጌልሽ!» ብሎ መቁጠር ከጀመረ ግን ያደረገው ሁሉ ብድር ነበር ማለት ነው፤ የስውሩ ሥራ መዝገብም በአንድ ጊዜ የዕዳ መዝገብ ይሆናል። በዚህ ፈተና ራሴን ስመዝን ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ።

የማይወሰደውን መለየት

ስለ ሀብታሙ የኩባንያ ወራሽ ብዙ አልጽፍም፤ እርሱን ተስፋ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ቢጠብቅ ይቀለዋል።

የእጅ አንጓ ይዞ መጎተት ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። በተለይ በቆዩት ድራማዎች ወንዱ ተቆጥቶ ሴቲቱን በአንጓዋ ይዞ ሲጎትታት ጣፋጭ ሙዚቃ ይሰማል። በአገራችን ጠለፋ ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች በዚያ ሙዚቃ ልንታለል አይገባም። ቀድሞ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቶታል። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 አምኖን ትዕማርን እንደሚወድ ይናገራል፤ እምቢ ስትለው ግን በኃይል ያዛት፤ በደሉን ከፈጸመ በኋላም ጥላቻው ከፍቅሩ በለጠ። በድራማው እንዲህ ያለ ትዕይንት ሲመጣ ድምፁን ያጥፉና ያለ ሙዚቃ ይዩት።

ሌላው የማይወሰደው ነገር ፍቅርን አስቀድሞ የተጻፈ ዕድል አድርጎ ማየት ነው። ኮሪያውያን በሁለት ሰዎች መካከል አስቀድሞ የተቋጠረውን ትስስር «ኢንዮን» ይሉታል፤ ሐሳቡ የቀደመ ሕይወት አለ ከሚለው የቡድሂስቶች እምነት ጋር የተያያዘ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከአምስቱ ኮሪያውያን አንዱ ያህል ፕሮቴስታንት ነኝ ቢልም፣ ሌሊት በሴኡል ሰማይ ላይ ቀይ መስቀሎች ቢበሩም፣ የድራማዎቹ የፍቅር አስተሳሰብ ከቤተ ክርስቲያን የተቀዳ አይደለም። የእኛም ሰው «ዕጣ ፈንታዬ ነው» ማለት ስለሚወድ በቀላሉ ይደባለቅብናል። ለማነጻጸር ዘፍጥረት 24ን ያንብቡ። የአብርሃም ሎሌ ከጉድጓዱ አጠገብ ምልክት ለመነ፤ ምልክቱም ማንነቱን የማታውቀውን ሰው ግመሎች የምታጠጣ ልጅ ነበረች። የእግዚአብሔር ምሪት እንዲህ ግልጽ ሆኖ እንኳ ርብቃን ጠርተው «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» ብለው ጠየቋት፤ እርስዋም «እሄዳለሁ» አለች። በዕድል ታሪክ ውስጥ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም።

ከእጮኛ ወይም ከትዳር ጓደኛ ጋር ሲታይ

አንዲት ጓደኛዬ አንድ ድራማ በጨረሰች ሳምንት ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ እጮኛዋን «አንተ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አይተኸኝ አታውቅም» አለችው። ልጁ ካዛንቺስ የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ስኳሩን ማማሰል ቀጠለ፤ ምንም አልመለሰም። እኔም ደብተሩን ሰጠኋትና ስለ እርሱ አንድ ገጽ እንድትሞላ ለመንኋት። የመጀመሪያው ዐምድ በእውነትም ባዶ ነበር። ለሁለተኛው የሚሆን ነገር ስትፈልግ የታክሲው ሰልፍ ትዝ አላት። ከሥራ ወጥታ ሜክሲኮ ስትደርስ ልጁ ሁልጊዜ ሰልፉ መካከል ቆሞ ይጠብቃታል፤ እርስዋ በእርሱ ቦታ ትገባለች፤ እርሱ ይሰናበታታል። ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ የሚመጣ ይመስላት ነበር። ስትጠይቀው ለሁለት ዓመት ያህል ከካዛንቺስ በእግሩ እየመጣ የተሰለፈው ለእርስዋ ብቻ እንደ ነበር፣ ከዚያም በመጣበት መንገድ እንደሚመለስ ነገራት።

ስለዚህ አብረው ሲያዩ «አንተስ ለምን እንዲህ አታደርግልኝም?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉና «እኔ ያላየሁት ምን አድርገህልኛል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል፤ ደግሞም ስውር ሥራ የሚሠራ ሰው ሲጠየቅ ያፍራል። አንድ ሳምንት ይጠብቁ። የሚጎዳን ወይም የሚማታን ሰው ግን በዚህ ዓይነት ፍለጋ «ደግ ነው» ብሎ መሸፈን አይገባም፤ ባዶ የሆነ ገጽ ባዶ መሆኑንም ማመን ያስፈልጋል።

ድራማው ሲያልቅ ከሁለተኛው ዐምድ አንድ ሥራ ይምረጡና እስከሚቀጥለው እሑድ ድረስ ለአንድ ሰው በስውር ያድርጉት። ገንዘብ የማይጠይቅ ቢሆን ይመረጣል። እኛ በቤታችን ለዚህ ሲባል በደብተሩ ላይ «ያደረግሁት» የሚል ሦስተኛ ዐምድ አስምረን ነበር። የእኔው ዐምድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሞላ። የእኅቴ ደብተር ላይ ያ ዐምድ እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።